በጣም የሚያቀርበው ሌንስ

ፈጠራ ነው የምትሉኝ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬን ሞልታዋለች። ጨለማ የለም፤ ብቻዬንም አልነበርኩም። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እታለም በሚቀጥለው ክፍል የደንበኛ ቀሚስ እየሰፋች ነበር።

እንጨት ላይ ምስል የምታቃጥል ትንሽ የሌዘር ማሽን አለችኝ፤ የትርፍ ጊዜ መጫወቻዬ። ጨረሯ ወፍራም ስለሆነ ግን የሰው ፊት ስሠራባት ድንች መስሎ ይወጣል። ለእታለም ልደት ፎቶዋን አሳምሬ ልሠራላት ፈለግኩና ጨረሩን የሚያቀጥን ሌንስ ፍለጋ የሰፈራችን መነጽር ሠሪ ጋ ሄድኩ።

ሽማግሌው ከመሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

"በዚህ ለሰው ዓይን ሠርቼ አላውቅም።"

"ለምን ጋሼ?"

"በጣም ያቀርባል።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሌንሱን ገጠምኩት። ጨረሩ የት ላይ እንደሚቀጥን ለማወቅ የእንጨቱን አንድ ጫፍ ከፍ አድርገን አንድ ረጅም መስመር እናቃጥልበታለን። መስመሩ በጣም የቀጠነበት ከፍታ ትክክለኛው ነው።

መስመሩ ቀጠነ... ቀጠነ... መሃል ላይ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ እንደገና ታየ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ሞኙ ጨፈርኩ! ዓይን እንኳ የማያየው ቅጥነት አገኘሁ ብዬ፣ እንጨቱን ልክ መስመሩ በጠፋበት ከፍታ አስቀመጥኩት። ለሙከራ መስመሮቹን አራርቄ የእታለምን ፎቶ አስጀመርኩ።

ማሽኗ ከላይ ወደ ታች፣ በመስመር በመስመር ነው የምትሠራው። መጀመሪያ ፀጉር።

እንጨቱ ላይ ምንም አልወጣም።

ጭስም የለም። የእንጨቱን ጫፍ ነካሁት... ቀዝቃዛ ነው።

ግን የሆነ ነገር ሸተተኝ። የእንጨት ሽታ አይደለም።

"ማሙሽ!" አለች እታለም ከወዲያ። "ፀጉር እያቃጠልክ ነው እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም!"

ማሽኗ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።

"ማሙሽ..." ድምጿ ቀነሰ። "ግንባሬን ምን ነካኝ? ያቃጥለኛል..."

ኮምፒውተሩን አየሁ። ማሽኗ የፎቶው ግንባር ላይ ደርሳለች።

ክው አልኩ። ከዚያ በታች ቅንድብ ነው። ከቅንድቡ በታች ደግሞ... በእነዚያ ዓይኖች መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነው ያሳደገችኝ።

ገመዱን ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩት።

ሮጬ ስገባ መቀሷን እንደያዘች ቆማለች። ግንባሯ ላይ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች... እንደ ደብተር መስመር እኩል፣ እኩል። የመጨረሻው ቅንድቧ ላይ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆሟል።

"ምን አደረግከኝ?" አለች በሹክሹክታ።

ሌንሱን በመዶሻ አደቀቅኩት። ማሽኗንም በታተንኳት። መነጽር ሠሪው ጋ እያለቀስኩ ሄድኩ።

"ጀምረህ ነው ያቋረጥከው?" አሉኝ። ከዚያ ሱቃቸውን ዘጉ።

በነጋታው፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ... ያ ሽታ መጣ። አንድ አዲስ መስመር።

በሚቀጥለውም ቀን አንድ።

ሐኪሙ ቅባት ሰጠን። መስመሩ ግን በየቀኑ ወረደ። ትናንት የዓይኗ ቆብ ላይ ደረሰ።

ዛሬ አጠገቧ ተቀምጬ ሁለቱንም ዓይኖቿን በመዳፎቼ ሸፈንኩ። አራት ሰዓት ሞላ። እጄን የነካኝ ነገር የለም። ሽታም የለም። እፎይ ብዬ እጆቼን አነሳሁ።

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነች።

"ማሙሽዬ..." አለች፣ ጭኗ ላይ ያለችውን መርፌ በጣቶቿ እየዳበሰች። "መጋረጃውን ለምን ዘጋህብኝ?"