የቢያድግልኝ መስተፋቅር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን የሚዘጋ ሰው ጠፋ? ዝጉት። ተረት ላወራችሁ አይደለም፤ ተረት ለልጅ ነው፣ እናንተ ደግሞ ጢማችሁ ሸብቷል። ይሄ የሆነ ነገር ነው። የት ሆነ? አትጠይቁኝ። አገሩን ብነግራችሁ ነገ ሄዳችሁ ታጣራላችሁ፣ ከዚያ እኔን ውሸታም ትላላችሁ። አውቃችኋለሁ።

ሌሊቱ የጳጉሜን የመጨረሻዋ ሌሊት ናት። በማግስቱ ዘመን ይለወጣል። ሰዓቱ? ዶሮ አንዴ ጮኾ ገና ሳይደግም። መንገዱ? ከወንዙ ተነስቶ፣ በመቃብሩ አጥር ሥር አልፎ፣ ሽቅብ ወደ መንደሩ የሚወጣ፣ ለአንድ ሰው እንኳ የሚጠብብ የጭቃ መንገድ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ምን ሊያደርግ? ሥር ሊምስ፣ ቅጠል ሊበጥስ! እብድ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ሚስቱ ሄዳበት ነው።

ሰውየው አያ ቢያድግልኝ ይባላል። ደግ ሰው ነበር። ኧረ በጣም ደግ! መንገድ ላይ ካገኛችሁ የእናንተን ጤና፣ የከብቶቻችሁን ጤና፣ የጎረቤታችሁን ውሻ ጤና ሳይጠይቅ አያልፍም። ቤቱ ሲገባስ? ዝም። ሚስቱ አንጓች "እንዴት ዋልክ?" ስትለው "እ" ይላል። "ወጡ ጣመህ?" ስትለው "እ" ይላል። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ማለት እሱ ነው። አንጓች ሰባት ዓመት ቻለች። በሰኔ አንድ ማታ "አሞኛል" ብትለው "እ" አላት። በማግስቱ ነጠላዋን አንጠልጥላ አጎቷ ቤት ገባች።

ታዲያ ሰው "አንጓች የት ሄደች?" ሲለው ምን የሚል ይመስላችኋል? "ደህና ናት፣ ቤት ናት!" እውነቱን ከሚናገር ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ክረምቱን ሙሉ ብቻውን ተቀምጦ የጣራውን ጠብታ ሲያዳምጥ ከረመ። "እ" የሚባለውም ሰው ሲኖር እንደሆነ ያኔ ገባው። አለቀሰ። ምን ያስቃችኋል? ወንድ ልጅ አያለቅስም?

ሄዶ ይቅርታ ቢላትስ? እሱማ ቀላሉ ነው፤ ቀላሉን ማን ይወዳል? መሪጌታ ፈንቴ ዘንድ ሄደ። መሪጌታ ጢማቸውን እየዳበሱ እንዲህ አሉት፦

"መስተፋቅር ትፈልጋለህ? እሺ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሳይጠባ፣ በመካከል ባለችው አንዲት ሌሊት ትለቅማለህ። መስቀለኛ መንገድ ላይ የበቀለ የሰርዶ ሥር። ያልፈነዳ የአደይ እንቡጥ። ብረት ሳይነካው በቀንድ የተማሰ የግዛዋ ሥር። በመጨረሻም ከመቃብሩ አጥር ላይ የጠንበለል ሐረግ። በኮባ ጠቅልለህ ደጃፍህ ላይ ትቀብረዋለህ።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። ብቻ ከቤትህ ወጥተህ እስክትቀብረው ድረስ ማንም ቢያናግርህ እንዳትመልስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

ቢያድግልኝ ሳቀ። "ዝምታ ነው እንዴ የሚያቅተኝ!" አለ። ዝም የሚለው ቤቱ ውስጥ ብቻ መሆኑን ረስቶታል።

እናላችሁ ያቺ ሌሊት ደረሰች። በሩን ከውጭ በጠፍር ጠፍንጎ ወጣ። ከመስቀለኛው መንገድ ሰርዶውን ነቀለ። ወንዝ ዳር ወርዶ በዳበሳ የአደይ እንቡጥ ፈለገ፣ ሦስት ጊዜ ሳማ ጨበጠ፣ እንቡጡን ሲያገኝም "እሰይ" ብሎ እንዳይጮህ አፉን ያዘ። በፍየል ቀንድ እየጫረ ግዛዋውን ማሰ። ጉልበቱ ጭቃ፣ ክርኑ ጭቃ። "ለአንጓች ነው" ይላል በሆዱ። "ለአንጓች ነው።" ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ እቅፍ እንጨት ያልሰበረላት ሰው!

መቃብሩ አጥር ደረሰ። የጠንበለሉን ሐረግ ያዘና ሳበው። አልለቅ አለው። ደግሞ ሳበው። በወዲያ በኩል አንድ ነገር መልሶ ሳበው። ልብ በሉ፣ ወዲያ በኩል ያለው መቃብር ነው። ቢያድግልኝ ሐረጉን በጥርሱ በጥሶ፣ ሁሉንም በኮባ ጠቅልሎ ሽቅብ መንገዱን ተያያዘው።

ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ሳል ሰማ። እህ! እህ! የሽማግሌ ሳል። ዞረ? አልዞረም። ቀጥሎ ድምፅ መጣ።

"እንዴት አደሩ፣ አያ ቢያድግልኝ?"

ወይ ፈተና! በዕድሜው ሰላምታ ሳይመልስ አልፎ አያውቅም። "እግዚአብሔር ይመስገን" ሊል ሲል ጋቢውን ነከሰ።

"ከብቱ እንዴት ከረመ?" ነከሰ። "አዝመራው እንዴት ነው?" ነከሰ። ጋቢው ሊያልቅ ነው!

አሁን ሽማግሌው፣ ለአንድ ሰው እንኳ በሚጠብበው መንገድ፣ ከጎኑ ደረሰ። ነጭ ጋቢ ተከናንቧል፣ ፊቱ አይታይም። የሌሊቱ ካፊያ ቢያድግልኝን አበስብሶታል፤ የሽማግሌው ጋቢ ግን ደረቅ ነው። የቢያድግልኝ እግር ጭቃው ውስጥ ይንቦጫረቃል፤ የሽማግሌው እግር ድምፅ የለውም። ለምን? እስቲ እናንተ ንገሩኝ። ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊያይ አሰበና ተወው። አዲስ የተቆፈረ አፈር ግን ሸተተው።

"የማን ልጅ ይሆን ይሄ?" አለ ሽማግሌው፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። "ሰላምታ የሚነሳ! አሳዳጊ የበደለው!"

የቢያድግልኝ እንባ መጣ። በዚያ መንደር እሱን እንዲህ ያለው ሰው የለም። ግን ቻለ። በርታ አያ ቢያድግልኝ! ደጁ ታየው። ሃያ እርምጃ ቀረው። አሥር ቀረው።

"ለነገሩ አልፈርድበትም" አለ ሽማግሌው በሐዘን። "ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ምን አንደበት ይኖረዋል?"

ቢያድግልኝ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ማነው እንዲህ ያለው?" አለ። "ደህና ናት! ቤት ናት!"

አያችሁልኝ? ረኃብ ይቻላል፣ ስድብ ይቻላል፣ "ሰው ምን ይለኛል" ግን አይቻልም። ሽማግሌው ሳቀ? አልሳቀም። በአክብሮት እጅ ነሳና "እንዳፍዎ ያድርግልዎ" አለ። ከዚያ ጋቢው ጭቃው ላይ ወደቀ። ውስጡ ሰው አልነበረም።

ቢያድግልኝ በርሮ ደጁ ደረሰ። በሩ ከውጭ እንደታሰረ ነው፣ ቋጠሮው አልተነካም። ከጣራው ላይ ግን ጭስ ይወጣል።

"አንጓች?" አለ።

"አቤት" አለች ከውስጥ። የራሷ ድምፅ!

ፈራ? የለም፣ ተደሰተ! ኮባውን ሽቅብ አንስቶ "መሪጌታ፣ እጅዎ ይባረክ! ሳልቀብረው ሠራ!" አለ።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"መቼ መጣሽ?"

"ቤት ነኝ።"

"በየት ገባሽ? በሩ እኮ ታስሯል።"

"ደህና ነኝ።"

ይሄኔ ጠጉሩ ቆመ። ከ"አቤት" ሌላ የምታውቀው እሱ ለሽማግሌው የተናገረውን ብቻ ነው። በሩን ለመፍታት ፈርቶ፣ ለመሸሽም ፈርቶ እዚያው እንደተገተረ ነጋ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? በዚያ ሽቅብ መንገድ ሁለት ሰው መጣ። አንዱ የአንጓች አጎት ናቸው። ሌላዋስ? አንጓች ራሷ! ማንም ሳይለምናት፣ ማንም ሥር ሳይምስላት፣ "በአዲስ ዓመት ቂም አይያዝም" ብላ፣ አንድ እቅፍ አደይ ይዛ ወደ ቤቷ የመጣች።

"እንኳን አደረሰህ" አለችው። አይኗን ሰበር አድርጋ ነበር።

ቢያድግልኝ አፉን ሳይከፍት ከውስጥ "ደህና ነኝ" የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

አንጓች ቀና አለች። "ማናት?"

ሺህ ነገር ሊናገር ፈለገ። የወጣው ግን "እ..." ብቻ ነው።

"እኔ ሦስት ወር ብርቅ ሴት አገባህ? ደግሞም አስረህ ታሳድራታለህ?"

"አትግቢ! በሞቴ፣ አንጓች፣ አትግቢ!"

"ቤቴ ነው!" አለችና ጠፍሩን በጥሳ ገባች። በሩ ከኋላዋ ጓ ብሎ ተዘጋ።

"አንጓች!" ብሎ ጮኸ።

"አቤት!"

"አቤት!"

ሁለት ናቸው። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ድምፅ፣ ሁለት።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አንዷ ወጣች። ፈገግ ብላለች። እጇ ባዶ ነው። አጎቷ ገብተው ቢያዩ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ መሬቱ ላይ የተበተነ አደይ አለ፣ ሌላ ሰው የለም። እሳቸው ደግሞ አይናቸውም ጆሯቸውም ደከም ያለ ነው። "አየሽ ልጄ፣ በከንቱ ነው የጠረጠርሽው" አሉ። "አልፏል አይደል?"

"ደህና ነኝ" አለች።

መርቀው ሄዱ። መንደሩም ቀናበት። አንጓች ከተመለሰች ወዲህ ኩርፊያ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ! በቀጣዩ ጳጉሜን ግማሹ ባል መሪጌታ ፈንቴ ደጅ ተሰልፎ አደረ።

ቢያድግልኝስ? ማታ ማታ ፊት ለፊቷ ይቀመጥና ይጠይቃታል። "በሰኔ ምንሽን ነበር ያመመሽ?" ይላታል። "ደህና ነኝ።" "አዝነሽብኝ ነበር?" "ቤት ነኝ።" እግሯ ላይ ወድቆ "ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ስለ እመቤቴ አንድ ቃል!" ይላታል። ፈገግ ትላለች። እንዲህ እየለመናት አረጀ። እሷ ግን አላረጀችም።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ሂዱ፤ ብቻውን የሚወጣ እንዳይኖር። ቤት ስትደርሱ በር የምትከፍትላችሁ ሴት "እስካሁን የት ተጎልተህ ነው?" ብላ ከጮኸችባችሁ፣ እልል በሉ።