ጃፋር ክፍል ያስቀመጥኩት ኮምፒውተር

ይሄ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። «የጓደኛዬ ጓደኛ» የምትባል ሴት የለችበትም።

ሐሙስ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። መቀሌ፣ ቁሓ፣ እናቴ ቤት። የቆርቆሮው ጣራ በፀሐይ እየተንጣጣ ነው። ጨለማ ምናምን የለም።

«ኮምፒውተሩ ተጠልፎ ነው» የምትሉ ሊቃውንት እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ይሄን የኮምፒውተር ሥራ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ታስተምሩኛላችሁ።

ኣረፋይነ የሚባል ወዳጄ ሓወልቲ ሰፈር ፎቶ ቤት አለው። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ የስንት ዓመት ፎቶ ከነኮምፒውተሩ ሄደ። እስከ ዛሬ እናቶች እየመጡ «የልጄ ጉርድ ፎቶ እናንተ ጋ ነበር» ይሉታል።

የለም።

የወንድሜ የጃፋርም እዚያ ነበር። ሌላ ፎቶ የለንም።

«ኑሃ ሓፍተይ፣ እህቴ» አለኝ ኣረፋይነ፣ «ሁለተኛ እንዳይደገም አድርጊልኝ።»

ለእኔ ቀላል ነው። የሱ ኮምፒውተር የዕለቱን ፎቶ በኢንተርኔት ቤቴ ላለ ሌላ ኮምፒውተር ይልካል። ፎቶ ቤቱ ቢዘረፍ፣ ቢቃጠል፣ ቅጂው እኔ ጋ ይተርፋል። ያለ እኔ የይለፍ ቃል ማንም አይከፍተውም። መንገዱም አንድ ነው፤ ከሱ ወደ እኔ ይመጣል፣ ከእኔ ወደ ማንም አይሄድም። የዘጋሁት እኔ ነኝ። እኔ የዘጋሁት ደግሞ ዝግ ነው።

ችግሩ ቦታ ነበር። ቤታችን ያለው ትርፍ ክፍል የጃፋር ብቻ ነው።

ጃፋር በጦርነቱ ወቅት አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፣ አጎንብሶ የጫማውን ክር አሰረ፣ «ዱቄት ካገኘሁ ይዤ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ወጥቶ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዱዓ አድርጉለትና ይውጣላችሁ» ቢል እናቴ ጣይባ እሺ አላለችም። በየአርቡ አልጋውን አዲስ ታነጥፋለች። የክፍሉ በር አይቆለፍም። ሲመጣ ቆሞ እንዳይጠብቅ።

እኔ ቆለፍኩት።

የሰው ፎቶ የያዘ ኮምፒውተር በር ተከፍቶ አይቀመጥም። ማክሰኞ እሷ ገበያ ስትወጣ አዲስ ቁልፍ አስገጠምኩ። አልነገርኳትም። ብነግራት አትፈቅድም፤ ትክክሏ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሐሙስ እንግዲህ... ከተማው ለምሳ ሲዘጋጋ፣ የገባውን ፎቶ ልፈትሽ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ።

ስልኬ ጠራ። ኣረፋይነ ነው።

«ምን ፎቶ ነው የምትልኪልኝ?»

«እኔ? ምንም።»

«እዚህ ኮምፒውተሬ ላይ ገባ እኮ። ከአንቺ ቤት ነው የመጣው።»

«ከእኔ ቤት ምንም አይወጣም። ምሳህን በልተህ ተኛ፣ ረሃብ ነው።»

ሳቀ። «በልቻለሁ። በጃኺ፣ እባክሽ እዪው።»

በቴሌግራም ላከልኝ።

የሴት ጀርባ ነው። አረንጓዴ ሻሽ። ጠረጴዛ። ኮምፒውተር።

ሻሹን ዳሰስኩት።

እኔ ነኝ... አሁን።

ኮምፒውተሩ ካሜራ የለውም። ስልኬ እጄ ላይ ነው። ዞርኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው እናቴ እንዳነጠፈችው ነው... ጫፉ ላይ ብቻ፣ ብርድ ልብሱ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል።

«ኣረፋይነ፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀለው።»

እኔም የእኔን ነቀልኩ። የኢንተርኔቱ መብራት ጠፋ።

ኣረፋይነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሌላ መጣ።»

«ነቅያለሁ እኮ።»

«እኔም ነቅያለሁ... ኑሃ፣ ከኋላሽ ያለው ልጅ ማነው?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«ምን እያደረገ ነው?»

«ፊቱ አይታይም። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አጎንብሷል። ጫማውን እያሰረ ነው...»

ፎቶውን አጎላው መሰለኝ።

«ወይ እየፈታ።»

አልዞርኩም። ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ወጣሁ። እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ በሩን ቆለፍኩት።

እናቴ በረንዳው ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቁልፉ ላይ ነው።

«ይሄ በር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆለፈው?»

«ከማክሰኞ።»

ግድግዳውን ተደገፈች።

«ከማክሰኞ...» አለች በሹክሹክታ። «ከማክሰኞ ጀምሮ በር ይንኳኳል። የግቢው በር እየመሰለኝ ወጥቼ እከፍታለሁ። ሰው የለም።»

ስልኬ ተንቀጠቀጠ።

ኣረፋይነ ሦስተኛ ፎቶ ልኳል። አንድ ቃል አልጻፈበትም።

የተዘጋ በር ነው። ከውስጥ በኩል የተነሳ። በበሩ ሥር ብርሃን ይገባል። ብርሃኑ ላይ የአራት እግር ጥላ አለ... የእኔና የእናቴ።

ከላይ፣ ቁልፉ አጠገብ፣ በሩን የተደገፈ መዳፍ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። አየችው... አየችው። መዳፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ፎቶ የለንም ትይ ነበር» አለችኝ።

«እማ...»

«ክፈቺለት።»

«እሱ ባይሆንስ?»

«ክፈቺለት አልኩሽ። ልጁን አስቁመሽዋል።»

የዚያ በር ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ከኪሴ አወጣሁት።

አስገባሁት።

ገና ሳላዞረው... ዞረ።