የዋቅጋሪ ጌሾ

ዋቅጋሪ የተገኘው ጓሮው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ጓሮው ግን ከአንድ ገበታ አይሰፋም። በአምናው የካቲት የጣሊያን እሳት የጉለሌ ቤቱን ከነሚስቱ ከበላበት ቀን ጀምሮ ያንኑ ግቢ በጣውላ ላይ አሳንሶ ሲሠራ ዓመት ሞላው። የሳር ክዳን ጎጆ፣ ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የተቆረጡ ጽጌረዳዎች፣ ከቃጫ የወጣ ሣር አለው። ሚስቱ የተከለችው ጌሾም በሽቦ ግንድ ላይ ቆሟል፤ ቅጠሉ በጧፍ ሰም የተነከረ ወረቀት ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሊቀጥፍ እጁን ይዘረጋ ነበር።

ሲያስመልሰው ውሎ ነው የሞተው። መንደሩም ለመፍረድ አልዘገየም፤ ባለሱቁ ሙዘይን ጠዋት ዳቦ ልኮለት ነበር፣ ዳቦው የለም፣ ሰውየው ሞቷል፣ በቃ። ወሬው የደረሰው ጣሊያን ሹምም «ገዳዩን እስከ ነገ አምጡ፤ አለዚያ ባለሱቁን እሰቅላለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ አውጫጭ ጠሩና ከወረራው በፊት የፖሊስ መርማሪ ወደነበረው ወደ ባሻ ስብሐት ሰው ላኩ።

ባሻ ቁጡ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ገና ሲገባ ለቀስተኛውን አስወጣ። የሟቹን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሶቹን አየ። በመካከላቸው አረንጓዴ ነገር ገብቷል። የጌሾው እኩሌታ በዚያው አረንጓዴ ተቀብቷል። ጣውላው አጠገብ ግን ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ ቀለም እንጂ አረንጓዴ የሚባል የለም። ብሩሹ በሚታጠብበት ጣሳ ውስጥ ዝንቦች ሞተው ተንሳፍፈዋል።

የሟቹን አንድ ልጅ እሌኒን አስጠራት።

«አባትሽ የብሩሹን ጫፍ በምን ነበር የሚያሾለው?»

«በከንፈሩ ነዋ፣ ባሻ። እንደ መርፌ ካልሾለ አይቀባበትም።»

«አረንጓዴው ከየት መጣ?»

እሌኒ ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች። «እ... እኔ አላውቅም።»

አላመናትም፤ ግን አልተጫናትም። ቀጥሎ የሟቹ ጓደኛ ኡርጌሳ ገባ፤ በሹሙ ቪላ አትክልተኛ ነው።

«ማስመለስ የጀመረው መቼ ነው?»

«ትናንት ቀትር ላይ። አጠገቡ ነበርኩ። ‹ትንሽ ልተኛ፣ አንተ ሂድ› ብሎ አባረረኝ።»

«ጾም የሚፈታውስ?»

«በሁዳዴ? ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አይቀምስ!»

«ታዲያ የሙዘይንን ዳቦ ማን በላው?»

ኡርጌሳ አንገቱን ደፋ። «ራበኝ፣ ባሻ። ጾም ገደፍኩ ብዬ በሰው ፊት እንዴት ልናገር?»

«ሰው ሊሰቀል ነው፣ አንተ በዳቦ ታፍራለህ!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ለአውጫጩ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ጣውላው መሀል ላይ ተቀመጠ።

«ዳቦው ንጹሕ ነው፤ የበላው ይኸው ቆሟል» ብሎ ጀመረ ባሻ። «ዋቅጋሪን የገደለው አረንጓዴው ቀለም ነው። ብሩሹን ባሾለ ቁጥር ይውጠው ነበር። ውሃውን የቀመሱ ዝንቦችም አልተረፉም።»

«ቀለም የሚሸጠው ማነው? ሙዘይን አይደለም?» ሲል አንዱ ጮኸ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለው ሱቄ ገብቶ አያውቅም!» አለ ሙዘይን፣ አንገቱን በእጁ ይዞ።

«ዝም በሉ! የጎጆው ክዳን ካለቀ ወራት አልፎታል። ጉልላቱ ሥር ያለው ሙጫ ግን ገና አልደረቀም። ሣሩ የታሰረበት ክር ቋጠሮም የግራ እጅ ነው፤ እዚህ ግራኝ ዋቅጋሪ ብቻ ነበር።» ክሩን ፈትቶ ክዳኑን ቀስ አድርጎ አነሣና ከጎጆው ውስጥ ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ። ለኡርጌሳ ሰጠው።

ኡርጌሳ ከፍቶ አየና ደነገጠ። «ይሄማ የሹሙ ጽጌረዳ ትል መግደያ ነው! መርዝ ነው!»

«የደበቀው ገዳይ ቢሆን ይዞት ይጠፋ ነበር። ዋቅጋሪ ግን ሲያመውና የዝንቦቹን ሬሳ ሲያይ ገባው። አንተን አባረረህ፤ ከዚያ በቀረችው አቅሙ ጣሪያ ገልጦ ደበቀው፣ መልሶም ከደነው። ሰው ለጠላቱ እንዲህ አይደክምም።»

 የቀረውን እሌኒ ጨረሰችው።

«እኔ ነኝ ያመጣሁለት። ቪላው ልብስ ሳጥብ ከአትክልት ዕቃ ቤት ዘገንኩ። ‹የእናትሽ ጌሾ አረንጓዴው አልመጣልኝም› እያለ ያዝን ነበር። ሲያየው አቅፎ ሳመኝ። የዋሸሁት ስርቆቱን ፈርቼ ነው...» ዙሪያውን አየች። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

አንድ ሽማግሌ «ላያስችል አይሰጥም» አሉ። ይህን ያሉት ፊቷን ሳያዩ መሆን አለበት።

«እንዳትሰሚ ብሎ ነበር የከደነው» አለ ባሻ። «የሙዘይን አንገት ባይሆን እኔም አልገልጠውም ነበር፣ ልጄ።»

ኡርጌሳ ቆርቆሮውን ኪሱ ከተተ። «ለሹሙ፣ ‹ሳላውቅ የሰጠሁት እኔ ነኝ› እላለሁ። የዳቦውን ደበቅኩ፤ ይቺን ልጅ ግን አላስነካም።» ነፍሱ የተረፈችው ሙዘይን እሌኒ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ከእሷ በላይ አለቀሰ።

ሰው ሁሉ ሲበተን እሌኒ ባሻን እጅጌውን ያዘችው።

«ጣሪያውን መልሰው ይክደኑልኝ። እሱ እንደከደነው።»

ባሻ ጣውላው ፊት ተንበረከከና ሣሩን ሰብስቦ ክሩን አዞረ፤ ፈታ፣ ደግሞ አዞረ። ቋጠሮው በቀኝ እጅ አልመጣም።