ሞረድ ያልነከሰው መጥረቢያ

አዲሱ የወንጀል ሕግ በዋናው አደባባይ በአዋጅ ከተነበበ ሦስተኛው ዓመት ነበር፤ የድንበር ጦርነቱ በርትቶ፣ ሹማምንት ቤት ለቤት እየዞሩ ለዘመቻ ጎልማሳ የሚለቅሙበት ዘመን ነበር። በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከድልድዩ ማዶ የሚሠራው ብረት ቀጥቃጭ የምልመላውን ሹም ትከሻ በመዶሻ ሰብሮ ወህኒ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹሙ የቀጥቃጩን ታናሽ ወንድም ፍለጋ መጥቶ፣ ደጃፉን ይዘው አላሳልፍም ያሉትን አሮጊት እናት በከዘራው ደረታቸውን ገፍትሮ ጣላቸው። ልጃቸው ያን ጊዜ የጋለ መጥረቢያ ይቀጠቅጥ ነበር፤ ሚስቱም ወናፍ ትነፋለች። የጋለው ብረት እንዳይበላሽ አንስቶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነውና ማንንም አላስፈቀደም። መዶሻውን ብረት በሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ አኖረ፤ ቆመ፤ ከዚያ መልሶ አነሳውና ወደ በሩ ሄደ።

የቆሙለት ነገረ ፈጅ ቀጠሮ ማስረዘም ስለሚወዱ ከተማው ሁሉ “ይቆይልኝ” ይላቸዋል። ወህኒ ቤት ድረስ መጥተው ሕጉን አስረዱት፤ ሹሙ ዳግመኛ ክንዱን ስለማያነሳ ከባድ ጉዳት መድረሱ እንደማይካድ፣ የቀረው ክርክር ስለ ሐሳቡ ብቻ እንደሆነ ነገሩት።

“መዶሻው ለሥራ በእጅህ ሳለ ቁጣ ቀድሞህ ከሆነ የመታኸው፣ ሁለት ዓመት ነው” አሉት። “አስቀምጠህ፣ አስበህበት፣ እንደገና አንስተኸው ከሆነ ግን አሥራ አምስት ነው። እንግዲህ ልጄ፣ በእጅህ ነበር፤ አይደል?”

ቀጥቃጩ እግር ብረቱን ትክ ብሎ አየ፤ መገጣጠሚያው የሰነፍ ሥራ ነበር። እናቱ ሁለት ዓመት ሊጠብቁት ይችላሉ፤ አሥራ አምስቱን ግን ከየት ያመጡታል?

“በእጄ ነበር” አለ።

በችሎቱ ቀን ሚስቱ ምላ መሰከረች። መዶሻው ከእጁ እንዳልወረደ፣ ብረቱንም እንደጋለ መስፉ ላይ ጥሎት እንደሮጠ ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ይቆይልኝም ጢማቸውን እየዳበሱ፣ በዕድሜያቸው አንድ ጉዳይ ያለ ቀጠሮ ሊያልቅላቸው ነው ብለው ተደሰቱ።

ዐቃቤ ሕጉ ግን ፖሊስ ያሸገውን መጥረቢያ አስመጣና ከኪሱ ሞረድ አወጣ። እንደጋለ የተተወ ብረት ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ለስላሳ እንደሚሆንና ሞረድ እንደሚነክሰው፣ ውሃ የተነከረ ግን እንደማይበገር ለችሎቱ አስረዳ። ሞረዱን በስለቱ ላይ ሳበው፤ ተንሸራተተ፤ ጭረት እንኳ አልተወም። “ብረቱን ለመንከር ጊዜ ካገኘ፣ ለማሰብም አግኝቷል” አለ። አይ ሙያ፣ ያሠለጠነውን ጌታ አጋለጠ!

ዳኛው ወደ ሚስቲቱ ዞሩ። ምላ የዋሸች እንደሆነ አምስት ዓመት እንደሚጠብቃት አስታወቋት፤ ጸሐፊውም ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ይቆይልኝ ቀጠሮ ሊጠይቁ ብድግ ሲሉ ቀጥቃጩ ቀደማቸው።

“ጌታዬ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ የመሰላትን ነው የተናገረችው። ብረቱን ነክሬዋለሁ፤ መዶሻውንም አስቀምጬ ነበር። ቆሜ አሰብኩና አነሳሁት።”

“እናትህ ወድቀው ሳለ?” አሉ ዳኛው።

“አዎን ጌታዬ። እሳቸውን ማንሳት ነበረብኝ።”

አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። እናቱ በአራተኛው ዓመት ሞቱ፤ ወንድሙም ከዘመተበት አልተመለሰም። ሚስቱ መስፉን አልሸጠችም፤ የትም አልሄደችም፤ ሥራውን ራሷ ያዘችው።

ያ ፍርድ በኋላ ዘመን ዳኞች “አስቦ መምታት” ምን እንደሆነ የሚማሩበት ሆነ። በመዝገቡ ላይ ሞረዱ ሁለት ገጽ ሞልቷል፤ የእናቲቱ መውደቅ ግማሽ መስመር ይዟል፤ ስለ ሚስቲቱም “ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችም” ተብሎ ተጽፏል።

ግን አይታለች። ብረቱ ውሃው ውስጥ ቸስ ሲል ዞራ ነበር፤ መዶሻው መስፉ ላይ ተቀምጦ ባሏ ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር። አንድ ጊዜ “ተው” ብትለው ይተው ነበር። አላለችውም፤ እንዲመታው እሷም ፈልጋ ነበርና።