ግድግዳው ላይ ያለችው ፋርማሲስት

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነጋዴ እንጂ ባለሙያ አልነበረም። ስለዚህ የአንዲት ፋርማሲስት የሙያ ፈቃድ ተከራየና ፎቶዋ ያለበትን ወረቀት በመስታወት አድርጎ ከሻጩ ራስ በላይ ሰቀለው። ሕጉ ቤቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ እዚያው ቆማ እንድትሠራ ያዛታል። እሷ ግን የምትውለው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

«ምክር የሚፈልግ ሰው ሲመጣስ?» አለችው ፈቃዷን ባከራየችው ሰሞን።

«ማን ይፈልጋል? ሻጬ የማያውቀው ኪኒን የለም። አንቺ ዝም ብለሽ ግድግዳው ላይ ተቀመጪልኝ!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ይህን ሁሉ አክስቷ አታውቅም። እናቷ ስትሞትባት ወስዳ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ለዚህ ያበቃቻት አክስት ናት። ደጃፏ መድኃኒት ቤት እያለላት፣ ዳገቱን እያቃሰተች ወጥታ እዚህ ትገዛለች፤ ልጇን ባጣቻት ቁጥር ሻጩ «አሁን ወጣች» ይላታል። ያቺን ፎቶ ስታይ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ቀን ጉልበቷ አላስቆም አላስቀምጥ ሲላት መጣች።

«ማስታገሻ ስጠኝ፣ ጠንከር ያለውን።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ያስጨፍራል!»

«እሰይ፣ መጨፈር አምሮኛል። ደግሞ እንዳታጭበረብረኝ፤ ልጄ ከላይ እያየችህ ነው።»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻጩም ሰጣት። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ግን አልጠየቃትም። አክስት ለልቧ፣ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲዋጡ ሆድ ውስጥ እንደሚያደሙ ፋርማሲስት ያውቃል። ሻጩ ከየት ይወቀው?

አክስት ማስታገሻውን ጥቂት ቀን እንደዋጠች ወደቀች። ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ፋርማሲስቷ የአክስቷን ቦርሳ ስትፈትሽ ማስታገሻውን አገኘችው።

«እታለም፣ ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«አንቺ ነሻ፣ የኔ ልጅ። ካንቺ ቤት ባይሆን የማላውቀውን እውጥ ነበር?» አለቻት፣ ደስ ይበላት ብላ።

ደሙ አልቆም አለ። በማግስቱ አረፈች።

ከቀብር መልስ የአክስቷ ልጅ ሊያጽናናት አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እህቴ? ያን ቀን እዚያ እንኳ አልነበርሽም።»

«አለመኖሬ ነው እኮ የገደላት» አለችው።



ከዚያ በኋላ መድኃኒት ቤቶችን ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሄዳ ራሷን ከሰሰች። መድኃኒት ቤቱ ታሸገ፤ ፈቃዷም ታገደ። የሙያ ጓደኞቿ «አብደሻል? ስንቱ አከራይቶ በሰላም ይኖር የለም ወይ!» አሏት። «አክስት የሌለውስ ማን አለ?» ብላ መለሰችላቸው።

እናንተ ፈቃድ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ወረቀት አፍ የለውም፤ አይጠይቅም፣ አይከለክልም። እባካችሁ ስማችሁ ባለበት ቤት ራሳችሁ ቁሙ። እኛም ገዢዎቹ ፎቶ አይተን አንመን። «የፎቶዋ ባለቤት የታለች?» እንበል። ወጥታለች ካሉን እስክትመለስ እንጠብቅ። የጉልበት ሕመም እንደሆነ ማንንም አልገደለም።