አራተኛው ስንኝ

መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቿን ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው ካፌ ገብቼ፣ ማኪያቶዋን ረስታ ባንኮኒውን በጣቶቿ ስትመታ አገኘኋት። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ምት ከሰማሁ አላስችል ይለኛል።

«እህት፣ የምን ዜማ ነው?»

«ዜማ አይደለም፣ ግጥም ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ስሟ ኢክራ ነው፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ ረጅም የትረካ ግጥም ለተማሪዎቿ እያዘጋጀች ነበር። ባሏ ባሕር ተሻግሮ የቀረባት ሴት ታሪክ ነው። አንዱ ስንኝ ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር፤ ሁለተኛውና አራተኛው ቤት ይመታሉ። እያንዳንዱ አንጓ የሚዘጋው «ገና አልመጣም» በሚል ነው።

«በመጨረሻስ መጣ?» አልኳት።

ነገ እነግርሃለሁ ብላ ሳቀች። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያንኑ አለችኝ። እኔም ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት ሥራዬን ስጨርስ ዳገቱን በሩጫ ሆነ የምወጣው። ወደድኳት፣ ሌላ ምን ልበል!

በእኛ አገር ሰርግ ላይ፣ ልጅ የወደደ ጎረምሳ ግጥም ያወጣና የመጨረሻዋን ስንኝ ለእሷ ይተዋታል። ከሞላችው ፈቅዳለች። ካልሞላችው በክብር ዞር ይላል። ኢክራ ከሞላችልኝ ለአባቷ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ፣ አንድ ቀን ካፌው ውስጥ እንዲህ አልኳት፦

«በፒያሳ ዳገት ቀስ ብዬ ስወጣ፣
ልቤ ጥሎኝ ሄደ፤
በርሽን አንኳኩቶ «አለሽ ወይ?» ያለሽ ለት...»

እንድትሞላው ጠበቅሁ። ኢክራ በጣቷ ቆጠረች።

«አራተኛውን ስንኝ ረሳኸው እንዴ? መዋቅሩ ተሰበረ እኮ!»

የተሰበርኩትስ እኔ ነኝ። አራዳ ተወልዳ ያደገች ልጅ የእኛን አገር ወግ ከየት ታውቀዋለች ብሎ ማሰብ አልመጣልኝም። ኩራት እራቱ እንዲሉ፣ ካፌውንም ስልኳንም ሸሸሁ።

እሷ ግን ያልገባትን ነገር የምትተው ሰው አይደለችም። ግጥሜን በቃሏ ይዛ፣ ለምን አንድ ስንኝ እንደጎደለው ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቅ ጀመር። በመጨረሻ የካፌዋን ገንዘብ ተቀባይ ሰዓዳን ጠየቀች። ሰዓዳ የደሴ ልጅ ናት። ጭንቅላቷን ይዛ፣ «አንቺ! ልጁ እኮ ጠይቆሽ ነው!» አለቻት።

በነጋታው መድኃኒት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ኢክራ ወረፋውን ጥሳ ገባች። እያለከለከች ባንኮኒዬን በጣቶቿ መታች።

«ግባ አልኩት፤ ለመደ።»

በእጄ የያዝኩት ሽሮፕ ሊያመልጠኝ ነበር። ወረፋ ይዘው የነበሩ አንዲት እናት የአገሬ ሰው ኖረዋል፤ «እሰይ ልጄ! ግባ አልኩት፤ ለመደ» ብለው እያጨበጨቡ ተቀበሏት።

እንባዬ መጣ። «ያ የግጥምሽ ባልስ መጣ?» አልኳት።

«መጥቶ ነበር» አለች፣ እሷም ዐይኗን እየጠረገች። «ሚስቱ በስሙ እስክትጠራው ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።»

ሽማግሌዎቹን እሑድ ላክሁ።