ባትሪው ያላለቀ ሰዓት

የሙሉሰው ሬሳ እናቱ ቤት መደብ ላይ በነጭ ሸማ ተሸፍኖ ሲውል፣ የሚቀበርበት ቦታ ገና አልታወቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለው ዝንጀሮ ገደል ሥር እንጨት ለቀማ የወረዱ ሁለት ሴቶች የሃያ አንድ ዓመቱን ሯጭ ሞቶ አገኙት። ገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ የሯጮቹ ክለብ ሰዓት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ይህ ሰዓት ጊዜ ብቻ የሚቆጥር አይደለም፤ ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ ሯጩ የት እንደሄደና ምን ያህል እንደፈጠነ ይመዘግባል። ክለቡ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሙሉሰው አዲስ አበባ ላለ ክለብ ለመመረጥ በዚሁ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሰኞ የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። የወረዳው ፖሊስ አየና ጻፈ፦ ሟች ተስፋ በመቁረጥ፣ የክለቡን ንብረት አውልቆ አስቀምጦ ራሱን ጥሏል፤ ሰዓቱም ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። አገሩም አመነው። እንግዲህ ሰው ያየውን ነው የሚፈርድ፣ ምን ይደረግ።

ያላመኑት እናቱ ወይዘሮ ብርቱካን ብቻ ናቸው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ካህን አይጸልይለትም፤ የሚቀበረውም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ነው። ልጁን ያጠመቁት መምሬ ወልደ ዮሐንስ ይህን ሲነግሯቸው እንባቸው በጺማቸው ይወርድ ነበር፤ ግን ሥርዓት ነውና ምን ያድርጉ። ቀብሩን እስከ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት አቆዩላቸው፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም።

ኢንስፔክተር ራቢዓ ዐብዱልከሪም ለሌላ ጉዳይ ደባርቅ መጥታ ስለነበር ሰኞ ከቀትር በኋላ ደረሰች። የጎንደር ልጅ ናት፤ አባቷ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ጠይቃ መልሱን ሰው እስኪጨንቀው ድረስ ዝም ብላ የምትጠብቅ ሴት ናት። ወይዘሮ ብርቱካን እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ቀድማ ያዘቻቸው።

«ልጄን አትመልሺልኝም፣ አውቃለሁ» አሏት። «ብቻ አፈሩን አታስከልክዪኝ። ከአጥር ውጭ እንዳይጥሉብኝ።»

ራቢዓ ቃል አልገባችም። እንዲህ ባለ ቀን ቃል መግባት ውሸት እንደሚሆን ታውቃለች። ሬሳውን ለማየት ግን ፈቃድ ጠየቀች።

የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ፊቱ ላይ ግን አንዲት የደም ነጠብጣብ የለችም፤ ዓይኖቹም ተከድነዋል። ያገኙትን ሴቶች አስጠርታ ያጠበው ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እነሱ እንዳልነኩት፣ እግሩ ተዘርግቶ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ፊቱ ተጠርጎ እንዳገኙትና እየጮኹ እንደሮጡ ማሉላት። ከዚያ የቀኝ እጁን ጭብጥ ፈለቀቀች። አውራ ጣት የምታህል ጥቁር የጎማ ቁራጭ ነበረችበት። ከወረዳው ፖሊስ የተረከበችውን ሰዓት አውጥታ ስታየው ማሰሪያው ከጫፉ ተቦጭቋል። ቁራጩን ብታስጠጋው ልክ ገጠመ።

ለማንም ምንም አልተናገረችም። ሰዓቱን በሹራቧ ሥር ብብቷ ውስጥ አስገብታ ልትጠይቅ ወጣች። ቆሞ የመጣ ሰዓት ሁሉ ሞቷል አይባልም፣ መጀመሪያ አሙቂው፣ ይሏት ነበር አባቷ።

አሠልጣኙ ኃይለ ጊዮርጊስ ድሮ ራሱ የሮጠ፣ አሁን አንድ እግሩን የሚያነክስ ሰው ነው። ሁለት ቀን ደባርቅ ስብሰባ ላይ ሰንብቶ የገባው ሰኞ ከቀትር በፊት ነበር፤ ይህንንም አብረውት የመጡት ሁሉ መስክረዋል። ሙሉሰው ሁለቱንም ጊዜ የወደቀው በእግሩ እንዳልነበር ነገራት። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ሰዓቱን ያቀዘቅዘውና ድርግም ይላል፤ ሩጫው ሳይመዘገብ ይቀራል።

«አዲስ ሳለ ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር» አላት። «አሁን አርጅቷል። ሩጫ ሲመዘግብ ሳተላይት እየፈለገ በየደቂቃው አንድ አንድ ይበላል። መቶ ሞልቶ ከወጣ መቶ ደቂቃ ነው ዕድሜው። ብርድ ካገኘው ደግሞ ባትሪው እያለ ይጠፋል፤ ብብት ውስጥ ካልሞቀ አይነሣም።»

«ልጁ እንደሮጠ ካመኑ ምነው አላለፉትም?»

«አዲስ አበባ ያለው ክለብ የሚቀበለው የሰዓቱን መዝገብ ነው። ሰዓቱ ያላየውን እኔ አይቻለሁ ብል ማን ይሰማኛል?» አለና ፊቱን አዞረ።

ሦስት ነገር ደግሞ ጨመረላት። ሯጩ ብቻውን ነው የሚሮጥ፣ አጃቢ ከተገኘ ይሰረዛል። የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ ሙሉሰው ካልተሳካለት የሚሄደው ጓደኛው አለነ ነው። መዝገብ ማጥፋት የሚችሉትም አሠልጣኙ ራሱ፣ ሙሉሰውና አለነ ብቻ ናቸው። ራቢዓ ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

የሟቹ እህት ፅዮን ወንድሟ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት እንደወጣ ነገረቻት። በር ላይ ሰዓቱን አሳይቷት ነበር፤ መቶ ይላል። ከዚያ ጢጥ አድርጎ አስነሣውና ሮጠ። እየሳቀ ነበር አለችና ማልቀስ ጀመረች። እሷና እናቷ ከቤት አልወጡም፤ ጎረቤት አብሯቸው ነበር።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ከገደሉ በኩል ጩኸት ሰምተዋል። ዝንጀሮ የሚያባርሩ መስሏቸው አለፉት። ስንት ሰዓት ነበር ብትላቸው፣ በአንድ ሰዓት ተዝካር ስለነበረባቸው ስልካቸውን እንዳዩና ለአንድ ሃያ ጉዳይ እንደነበር ነገሯት። አሠልጣኙም ሙሉሰው ከቤቱ አፋፉ ድረስ አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅበት ተናግሮ ነበር። ሁለቱ ተገጣጠሙ።

የቀረው አለነ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ጫማ ተራ በተራ የሮጡ ልጆች ናቸው። ሰኞ ጧት ብርድ መትቶት ብቻውን ተኝቶ እንደነበር ነገራት፤ የሚመሰክርለት የለም። ስለ ሩጫው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ሰዓቱ የጠየቀችውን ሁሉ መለሰ። ቀና ብሎ ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ፍትሐት ከለከሉት የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

አለነ ከንፈሩን ነከሰ። ራቢዓም እንደ ልማዷ ጠበቀች፤ ግን አልተነፈሰም። ሲወጣ ሰዓቱን ከብብቷ አውጥታ ቁልፉን ተጫነችው። በራ። ሃያ ሁለት ይላል። የጧቱን ሩጫ ብትፈልግ፣ የለም።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከአሠልጣኙ ጋር ሰዓቱን ሞልተው በዚያው መንገድ ወጡ። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ስድሳ ቀርቶት ነበር። ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውት ነፋስ ሲመታው ጨለመ፤ ብብቷ ውስጥ ሲሞቅ ደግሞ ነቃ። የገደሉን አፋፍ ብታየው ድንጋዩ በውርጭ ተለብጦ ያዳልጣል። ከአፋፉ በጎን ባለችው የፍየል መንገድ ገደሉ ሥር ደርሶ ለመመለስ ለጎበዝ ልጅ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳው በቃሬዛ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ዋርካው ሥር አረፈ። ወይዘሮ ብርቱካን አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፅዮን፣ አሠልጣኙ፣ አለነና መምሬ ወልደ ዮሐንስ ራቢዓ እንዳለቻቸው ቀረብ ብለው ቆሙ። የሙሉሰው አጎቶች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ከኋላ ነበሩ።

«ሙሉሰው ራሱን አልጣለም» አለች ራቢዓ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ለቀብር የመጣው ሕዝብ ተጠጋ።

«ሰዓቱ ባትሪው አልቋል ተባለ። አላለቀም፤ በርዶት ነው የጠፋ። ሳሞቀው ሃያ ሁለት ቀርቶት ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት መቶ ይዞ ወጥቷል፣ ፅዮን በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ሰባ ስምንት ደቂቃ ሠርቷል ማለት ነው። መምሬ፣ ጩኸቱን የሰሙት ስንት ሰዓት ነበር?»

«ለአንድ ሃያ ጉዳይ።»

«አርባኛው ደቂቃ ላይ ማለት ነው። ሙሉሰው ከወደቀ በኋላ ሰዓቱ በሰው ገላ ሞቆ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሳተላይት ሲፈልግ ቆይቷል። ከዚያ መዝገቡን አንድ ሰው አጠፋው። የሞተ ሰው ቁልፍ አይጫንም።»

ቀጥላ የጎማውን ቁራጭና ሰዓቱን ጎን ለጎን አሳየቻቸው። ሰዓቱን ፈትቶ ድንጋይ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ማሰሪያውን አይበጥስም፤ ቁራጩንም ጨብጦ አይወድቅም። ማሰሪያው የተበጠሰው ሁለት ሰው ሲይዘው ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከላይ የቀረው ሰው በፍየሏ መንገድ ወርዶ ፊቱን ጠረገለት፣ ዓይኑን ከደነለት፣ እግሩን ዘረጋለት። ተመልሶ ወጥቶ መዝገቡን አጠፋና ሰዓቱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ።

«ማጥፋት የሚያውቁት ሦስት ናቸው» አለች። «አንዱ ሞቷል። አሠልጣኙ ደባርቅ ነበሩ።»

ሁሉም ወደ አለነ ዞረ። ከአጎቶቹ አንዱ ወደፊት ሲራመድ ራቢዓ መሀል ገባች።

«ቆይ፣ አያ። አልጨረስሁም። ለቦታው ብሎ የገደለ ሰው የገደለውን ፊት አያጥብም። ትናንት ይህን ልጅ ብዙ ነገር ጠየቅሁት፤ እሱ ግን የጠየቀኝ ስለ ፍትሐቱ ብቻ ነው። አለነ፣ የቀረውን አንተ ንገራቸው። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም።»

አለነ ተንበረከከ። እዚያው ሆኖ ነገራቸው። ነገሩን የወጠኑት ሁለቱ ነበሩ። ሙሉሰው ሦስተኛ ጊዜ በሰዓት እንዳይወድቅ፣ አለነ ጋቢ ተከናንቦ ሰውነቱን አሙቆ አፋፉ ላይ ሊጠብቀው፣ ሰዓቱን ተቀብሎ ብብቱ ውስጥ ይዞ ነፋሻውን ቦታ አብሮት ሊሮጥና ሲያልፉ ሊመልስለት ነበር። ይህ ከተሳካ አለነ ቦታውን ያጣል። ያንን ያውቅ ነበር ወይ ብትለው ራቢዓ፣ «የሱ ይቀድም ነበር፤ ሁለቴ ሮጦት አልነበር?» አላት።

«ሰዓቱን እየሮጠ ፈትቶ ዘረጋልኝ» አለ። «ውርጩ ላይ አዳለጠው። ያዝሁት። እጁን የያዝሁ መስሎኝ ነበር። የያዝሁት ሰዓቱን ነበር።»

ፅዮን በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ስወርድ ነፍሱ አልወጣችም። እዚያው አቅፌው ነው የሞተ። ከዚያ ፈራሁ። ገፍቶ ጣለው ይላሉ፣ ቦታው ለኔ ነዋ፤ ደሙን ከወንድሞቼ ይመልሳሉ አልሁ። ሁለቱም ገና ሕፃናት ናቸው። ፍትሐት ይከለክሉታል ብዬ አላሰብሁም። ትናንት ስሰማ... አፌ አልከፈት አለ።»

ወይዘሮ ብርቱካን ከቃሬዛው ሥር ተነሥተው ወደ እሱ መጡ። ማንም አልከለከላቸውም።

«ሲሞት ምን አለህ?»

አለነ መሬት መሬት አየ።

«ሰዓቱ እየሠራ ነው ወይ አለኝ።»

«ምን አልኸው?»

«እየሠራ ነው፣ አይዞህ፣ አልሁት። እውነትም ይሠራ ነበር።»

እናትየዋ ጮኸው አላለቀሱም፤ ፅዮን መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። ኃይለ ጊዮርጊስ ዋርካው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። ወይዘሮ ብርቱካን ወደ አጎቶቹ ዞረው የልጃቸው ደም በዚህ ልጅ ላይ እንደሌለ፣ ወንድሞቹን የነካ እሳቸውን እንደነካ በቃሬዛው ምለው ተናገሩ። ከዚያ ወደ አለነ ተመለሱ።

«አንድ ሌሊት ሙሉ ልጄ ነፍሱን አጠፋ እያሉኝ አደርሁ» አሉት። «ለዚያ ሌሊት ይቅር ልበልህ ብል ዛሬ አቅም የለኝም። አሁን ሂድልኝ።»

መምሬ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን አነሡ።

«በሩን ክፈቱ። ቃሬዛውን አግቡት።»

አለነ ማስረጃ በማጥፋት ይጠየቃል፤ የቀረውን ዳኛ ያየዋል። ራቢዓ እጁን ሳታስር ወደ ማኪናው ወሰደችው። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጀመሩ፤ ድምፁ ከቅጥሩ አልፎ እነሱ ጋ ደረሰ። አለነ በመስኮቱ ወደዚያ ዞሮ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ።

ራቢዓ ሾፌሩን ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጅዋ አመለከተችው። የክርስቲያን ፍትሐት ስንት ጊዜ እንደሚወስድ አታውቅም።

«ይቆያል?» አለችው አለነን።

«ረጅም ነው፣ እትዬ።»

«እንጠብቃለን» አለች፤ በሩን ከፍታ ወረደችና ሻሿን አስተካክላ ማኪናው አጠገብ ቆመች።